ባልና ሚስት ሲጋጩ ማን ይጠራል? ከሽምግልና እስከ ቤተሰብ ሕክምና



ዛሬ ስለ ክኒን ወይም ስለ መርፌ አላወራም። ስለ ታሪክ ነው የማወራችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ታሪክ ለምን አስፈለገ? ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከሚመጡ ሰዎች መካከል ምርመራቸው ሁሉ ደህና ሆኖ ሕመማቸው ግን የማይለቃቸው አሉ። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲባል ሆዱን የሚያመው ልጅ፣ ሽንት መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ልጅ፣ ራስ ምታትና የልብ መምታት ያስቸገራት እናት፣ እንቅልፍ ያጣ አባት። በመጀመሪያ የአካል በሽታ መኖር አለመኖሩ በደንብ መታየት አለበት፤ ይህ አይዘለልም። ከዚያ በኋላ ግን «ቤት ውስጥ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅም ሕክምና ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው፤ ገበና ነውና።

የቤተሰብ ጠብ ጤናን እንደሚነካ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ሐኪሞች ደግሞ በራሳቸው መንገድ ዘግይተው ደረሱበት። የሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን እንየው።

🔹 እኛ ጋ የነበረው

ከደሴ ወደ ምዕራብ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ተጉዛችሁ ወደ ቦረና ስትደርሱ መካነ ሰላምን ታገኛላችሁ። ትርጉሙ የሰላም ቦታ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። በዚህ ደጋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ ስለሚኖር፣ በአንድ ቤት ሼህም ነፍስ አባትም የሚከበሩበት ቤተሰብ ብርቅ አይደለም።

እዚህ አገር ባልና ሚስት ሲጋጩ ብቻቸውን አይተዉም። መጀመሪያ ሚዜ ወይም ጎረቤት ይሰማል። ካልሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል። ክርስቲያን ከሆኑ ነፍስ አባት ይገባሉ፤ ሙስሊም ከሆኑ ሼሁ ይጠራሉ። ቅሬውም፣ ወዳጃውም፣ የቡናው ሦስት ዙርም የየራሱ ድርሻ አለው። ለከባድ የደም ጠብ ደግሞ ወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉት።

ሽማግሌዎች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሁለቱን ለየብቻ ያናግራሉ። ከዚያ ያቀራርባሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ያዝዛሉ። ማንም ፊቱ እንዳይጠቁር «መሃላችሁ ሰይጣን ገብቶ ነው እንጂ እናንተስ ደህና ነበራችሁ» ይላሉ። በመጨረሻ ቃል ያስገባሉ፤ ቃሉ መጠበቁንም ቆየት ብለው ያያሉ። እነዚህን ዘዴዎች ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

🔹 ሽማግሌው ሕግ የሆነበት ዘመን

በ1952 ዓ.ም በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ከአውሮፓ ብዙ ቢወስድም በትዳር ጉዳይ ግን የአገሩን ልማድ ይዞ ገባ፤ የባልና ሚስት ክርክርና የፍቺ ጥያቄ የሚታየው በቤተዘመድ ሽማግሌዎች እንዲሆን ደነገገ። ብዙውን ጊዜ ሽማግሌ ሆነው የሚቀመጡት የጋብቻው ምስክሮች ነበሩ።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ባልና ሚስቱን የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ዳኛ ይሻላል ከሚል የመጣ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ፈቅዶ ነበር። ሚዛኑ ከመጀመሪያው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር ማለት ነው። ሽማግሌው ወንድ፣ ምስክሩ ወንድ፣ የቤቱ አለቃም ወንድ በሆነበት ጉባኤ የሚስት ቃል ምን ያህል ይሰማ እንደነበር መገመት ለማናችሁም አይከብድም። ልጅማ ጨርሶ አይጠየቅም፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንል የለ?

🔹 ማዶ አገር ምን እየተደረገ ነበር?

የእኛ ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ናታን አከርማን የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ የቤተሰብ ሕክምና ተቋም ከፈተ። እኛ የቆየውን የቤተሰብ ጉባኤ ሕግ ውስጥ ስናስገባ፣ እነሱ ደግሞ የቤተሰብ ጉባኤን ሕክምና ክፍል ውስጥ ማስገባት ጀምረው ነበር።

ከዚያ በፊት የአእምሮ ሕክምና የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር። ሐኪሙ ከታማሚው ጋር ብቻውን ይቀመጣል፤ ቤተሰብ ውጭ ይጠብቃል። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 ፈረስ የሚፈራን የአምስት ዓመት ልጅ ታሪክ ሲያሳትም፣ ሕክምናው በአብዛኛው የተካሄደው በአባቱ በኩል ነበር። ያም ሆኖ ቤተሰቡን አንድ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ አልሆነም።

ሐኪሞችን ያስገረማቸው ነገር ይህ ነው፦ ታማሚው ሆስፒታል ተኝቶ ይሻለዋል፤ ቤቱ ሲመለስ ያገረሽበታል። አንዳንዴ ደግሞ እሱ ሲሻለው ሌላው የቤተሰቡ አባል ይታመማል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ የግሪጎሪ ቤትሰን ቡድን የቤተሰብን ንግግር ያጠና ጀመር። መሬይ ቦወን ደግሞ ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም መጀመሪያ እናቶችን፣ በኋላም ሙሉ ቤተሰብን ከታማሚው ጋር ሆስፒታል አስተኝቶ አየ። እነዚህ ሰዎች የደረሱበት ሐሳብ አጭር ነው። ቤተሰብ እንደ ጎጆ ቤት ነው፤ አንዱ ወጋግራ ሲያዘነብል ሌላው ክብደቱን ይሸከማል። የተሰነጠቀውን ብቻ መጠገን አይበቃም፤ ክብደቱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

🔹 ዋና ዋናዎቹ መንገዶች፣ በእኛ ቤት ምሳሌ

▪️ ቦወን፦ ሦስት ማዕዘን። ሁለት ሰዎች ሲጨናነቁ ሦስተኛ ሰው ይስባሉ አለ። እናት ባሏን መናገር ሲያቅታት ለልጇ ታማርራለች፤ አባት ሚስቱን ሲሸሽ ልጁ ላይ ይጮኻል። ልጁ የሁለቱን ጠብ ይሸከማል፤ ሆዱን የሚያመውም አንዳንዴ ለዚህ ነው። የቦወን ተከታዮች የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ካርታ ይሥላሉ፤ ጀኖግራም ይሉታል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ልጅ ለመዳር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ካርታውን በቃሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ እኛ የምንቆጥረው ዝምድናን ነው፤ እነሱ ደግሞ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደኖረ፣ ማን እንደጠጣ፣ ማን ልጅ እንደቀበረ ጭምር ይጽፋሉ። ልማድ እንደ ርስት ይወረሳልና።

▪️ ሚኑቺን፦ ድንበርና ቦታ። አርጀንቲና ተወልዶ ያደገው ሳልቫዶር ሚኑቺን በአሜሪካ ከድሃ ቤተሰቦች ጋር ሠርቷል፤ ከ1965 ጀምሮም የፊላደልፊያ የሕፃናት ክሊኒክን መርቷል። እሱ የሚያየው ቤቱን ማን እንደሚመራ ነው። ወላጆች ተባብረው ይመራሉ ወይስ ልጁ ይመራቸዋል? አማት በምራት ጓዳ ውስጥ ምን ያህል ትገባለች? በእኛ አካባቢ ይህ በጣም ይታያል። እናት ዓረብ አገር ሄዳ ልጆቹ ከአያት ጋር ያድጋሉ፤ ወይም የ11 ዓመቷ የመጀመሪያ ልጅ እናት ሆና ታናናሾቿን ታሳድጋለች። መርዳቷ ጥሩ ነው፤ ልጅነቷ ሲቀር ግን ጤናዋ ይናጋል። እናት ስትመለስ ደግሞ «አንቺ ማን ነሽ?» የሚል ልጅ ይጠብቃታል። የሚኑቺን ዘዴ ቤተሰቡ ጠቡን እዚያው ሐኪሙ ፊት እንዲያሳይ ማድረግ፣ ከዚያም መቀመጫ ሳይቀር እያቀያየሩ እያንዳንዱን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

▪️ ሳቲር፦ አነጋገር። ቨርጂኒያ ሳቲር የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነበረች፤ የታወቀ መጽሐፏን በ1964 አሳተመች። ሰው ሲጨነቅ አንዱ ይለማመጣል፣ አንዱ ይወቅሳል፣ አንዱ ስሜቱን ደብቆ ይፈላሰፋል፣ አንዱ ወሬ ያስቀይሳል ብላ ለየች። ጤነኛው አነጋገር አፍና ልብ አንድ የሆኑበት ነው። ሰምና ወርቅ ለምንወድ ሰዎች ይህ ትንሽ ይከብዳል። «ምንም አልሆንኩም፣ እንደፈለግህ አድርግ» የሚለው ሰሙ ነው፤ ወርቁ «ተቀይሜያለሁ» ነው። ትልቅ ሰው ይፈታዋል። ልጅ ግን አፍ አንድ ነገር፣ ፊት ሌላ ነገር ሲነግረው የቱን እንደሚያምን ይጨንቀዋል።

▪️ የሚላን ቡድን፦ ጥያቄ። ማራ ሰልቪኒ ፓላዞሊ የመራችው የጣሊያን ቡድን ስለ ሁለቱ ሦስተኛውን ይጠይቃል፦ «አባትሽ ሲቆጣ እናትሽ ምን ታደርጋለች? ወንድምሽስ?» እንዲህ ሲጠየቅ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ቀርቶ ነገሩ እንዴት እንደሚዞር ይታያል።

▪️ ዋይትና ኤፕስተን፦ ችግሩን ከሰው መለየት። አውስትራሊያዊው ማይክል ዋይት ልብሳቸው ላይ ሰገራ የሚያመልጣቸውን ልጆች ሲያክም ለችግሩ ስም አወጣለት፤ ልጁና ወላጆቹ ተባብረው ያንን ባለስም ጠላት እንዲታገሉት አደረገ። ልጁ ጥፋተኛ መሆኑ ቀረ። አሁን ሽማግሌዎቻችን «ሰይጣን ገብቶ ነው» የሚሉትን አስታውሱ። ሥራው ተመሳሳይ ነው፤ ሁለቱም ፊታቸው ሳይጠቁር እንዲታረቁ በር ይከፍታል።

▪️ ዲ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ፦ ከመፍትሔው መጀመር። እነዚህ ባልና ሚስት በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ የሠሩ ናቸው። «ዛሬ ማታ ተኝታችሁ ሳለ ተአምር ሆኖ ችግራችሁ ቢጠፋ፣ ጠዋት በምን ታውቁታላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው፦ «እንደምን አደርሽ ይለኝ ነበር።» እንግዲያው ከዚያ ይጀመራል።

▪️ ጎትማን፦ ትዳርን የሚያፈርሱ አራት ልማዶች። ጆን ጎትማን በሲያትል ባልና ሚስት ሲነጋገሩ እየቀረጸ ለዓመታት ተከታትሏል። አደገኛ ያላቸው አራቱ ልማዶች የሰውን ጠባይ መተቸት፣ ንቀት፣ ሁሌ ራስን መከላከልና ዝም ብሎ መዝጋት ናቸው፤ ከሁሉም የከፋው ንቀት ነው። ዝምታን በተመለከተ እኛ ኩርፊያ አለን። ኩርፊያና መዝጋት ግን አንድ አይደሉም። የሚዘጋው ሰው ልቡ በኃይል እየመታ መስማት አቅቶት ነው፤ የሚያኮርፈው ብዙ ጊዜ «ለምኑኝ» እያለ ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ 20 ደቂቃ ዕረፍትና «ተመልሼ እናወራለን» የሚል ቃል ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ቀርቦ የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

🔹 ሐኪሞች የተሳሳቱበት ቦታ

ይህ ታሪክ ጥቁር ገጽም አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባለች የአእምሮ ሐኪም ስኪዞፍሬንያን የምታመጣ እናት አለች የሚል ሐሳብ አነሳች። የቤትሰን ቡድንም በ1956 በሽታውን ከቤተሰብ አነጋገር ጋር አያያዘው። ለብዙ ዓመታት ልጃቸው የታመመባቸው እናቶች በሐኪም አንደበት ተወቀሱ።

ያ ስህተት ነበር። እናት በአነጋገሯ ወይም በአስተዳደጓ ስኪዞፍሬንያን አታመጣም። ለንደን ውስጥ በጆርጅ ብራውንና በተከታዮቹ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ሌላ ነገር ነው፦ ወቀሳ፣ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ ጭንቀት በበዛበት ቤት በሽታው ቶሎ ያገረሻል። ቤተሰቡ ስለ በሽታው ሲማርና ሲደገፍ፣ ታማሚውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሲወስድ ማገርሸቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቤተሰብ የበሽታው ምክንያት ሳይሆን የሕክምናው አጋር ነው። በአገራችንም በሶዶ ወረዳ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ሲደግፉ ታማሚዎች የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት እንደቻሉ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ ይህን ያዙ፦ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ፤ ሰውም አይታሰር።

🔹 ሽምግልናም ሕክምናም የሚያቆሙበት ድንበር

የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ባስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው በባላቸው ወይም በጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህ ቁጥር የሽምግልናን ደካማ ጎን ያሳያል። የተመታች ሴት «ለልጆችሽ ስትይ ተመለሺ» ተብላ ስትታረቅ፣ ዕርቁ የሚጠብቀው ትዳሩን እንጂ እሷን አይደለም። «ሰይጣን ነው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ መርዝ ይሆናል፤ እጁን ያነሳው ሰው ነውና።

የቤተሰብ ሕክምናም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዚሁ ተወቅሷል። ጥፋቱ የሁለቱም ነው፣ ነገሩ ይዞራል የሚለው ሐሳብ ለተደበደበች ሴት አይሠራም። ዛሬ ፍርሃት ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር አይመከርም፤ ቤቷ ገብታ ለተናገረችው ቃል ዋጋ ልትከፍል ትችላለችና። መጀመሪያ ደኅንነት ይቀድማል። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በትዳር ውስጥ የሚደርስ ድብደባን በወንጀል ያስጠይቃል። የተገደደች ሴት ካለች ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ትድረስ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

🔹 ሕጉ ተለወጠ፤ ምን አተረፍን? ምን ጎደለ?

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ከታገሉ በኋላ በ1992 ዓ.ም የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፤ ፍቺ የመወሰን ሥልጣንም ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ግን አልተባረረም። በፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲሞክሩ ሊያደርግ፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል።

በእኔ እይታ ትርፉ ትልቅ ነው፤ ሽማግሌው ማዘዙ ቀርቶ ማስታረቁ ብቻ ቀረለት። የጎደለው ሌላ ነው። በእነዚያ ሦስት ወራት ባልና ሚስቱን የሚረዳ የሠለጠነ ሰው በየወረዳው የለም። የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ባለን ነገር እንሥራ፦ ሽማግሌው ያለው አክብሮት፣ ሐኪሙ ያለው ዘዴ፣ ሕጉ ያለው ጥበቃ። ሦስቱ ሲተጋገዙ እንጂ አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ አይሆንም።

🔹 ከዚህ ታሪክ ለቤታችን

✅ ልጅን መልእክተኛ አታድርጉ። «ለአባትህ ንገረው» የሚለው ቀርቶ እርስ በርስ ተነጋገሩ።
✅ ልጅ ፊት ከተጣላችሁ ልጅ ፊት ታረቁ። ጠቡን አይቶ ዕርቁን ካላየ በልቡ ጠቡ አላለቀም። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት።
✅ ስትነጋገሩ ሥራውን ተናገሩ እንጂ ጠባዩን አትስደቡ። «ትናንት አምሽተህ ስትመጣ ፈራሁ» ከ«አንተ መቼም ሰው አትሆን» ይሻላል።
✅ አልጋ ላይ የሚሸናን ልጅ አትግረፉ፣ ጎረቤት ፊትም አታሳፍሩ። መጀመሪያ አስመርምሩት፤ ከዚያ ከእሱ ጋር ሆናችሁ ችግሩን ታገሉት።
✅ ስኳር፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ፣ ጠብ ባለበት ሰሞን መድኃኒቱን የሚከታተለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በኩርፊያ መሃል የሚረሳው የእሱ ኢንሱሊን እንዳይሆን።
✅ ዓረብ አገር ያላችሁ እናቶች፣ ስትመለሱ አያትን ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አትተኩ። ልጁ ሁለት እናት አለው፤ አንዷን እንዲክድ አታስገድዱት።
✅ ሽማግሌ ስትጠሩ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዲት የተከበረች ሴት ትኑር። የልጆቹም ነገር ለብቻው ይነሳ፤ ትልልቆቹ ልጆች ጠበኞቹ በሌሉበት ይጠየቁ።
✅ ዱላ፣ ማስፈራራት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ሽማግሌ አትጠብቁ። ወደ ጤና ተቋም፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

ሽማግሌ ሆናችሁ የምትቀመጡ አባቶችና እናቶች ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ዕርቅ ላይ «ማን አጠፋ?» ከማለታችሁ በፊት «በዚህ ቤት ማን ይፈራል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚፈራ ሰው ካለ ዕርቁ ይቆይና መጀመሪያ እሱ ይጠበቅ።

ለሚያስፈልገው ሰው አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ገበናችሁን ግን በኮሜንት አትጻፉ።

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ!